«ውኃ የለም» ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም?

ነቀምት፣ ግንቦት 16 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ገብረኪዳን አበጋዝ
የቀበሌያችን የመሠረተ ትምህርት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎንና የልጆችዎን ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። ቀጥዬም ባለፈው እሑድ በቀበሌው ስብሰባ ያለ ድምፅ ማጉያ አራት ሰዓት ሙሉ ያገለገለው ጉሮሮዎ እንዴት እንደ ሰነበተ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ የጉሮሮዎ ደኅንነት የቀበሌያችን ደኅንነት ነውና። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደኅና ነኝ። ወገቤም ቢሆን ያመመው ንግግርዎን ቆሜ በመስማቴ ስለሆነ እንደ ክብር እቆጥረዋለሁ እንጂ አላማርርም።

ምናልባት ከሥራ ብዛት የተነሣ ረስተውኝ እንደሆነ፣ ወልደሩፋኤል ተካ እባላለሁ። በፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ፣ ጠረጴዛዬን በድንጋይ አስደግፌ ለሕዝብ ማመልከቻ ስጽፍ ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። የእኔ ማመልከቻ በአንደኛው ገጽ ሰላምታ ያቀርባል፣ በሁለተኛው የባለጉዳዩን ትውልድ ይቆጥራል፣ ጉዳዩ ራሱ ብቅ የሚለው በሦስተኛው ገጽ መጨረሻ ነው። በነቀምት ከተማ አሳጠርክ ብሎ የከሰሰኝ ሰው እስካሁን የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረው ለግል ጥቅሜ እንዳልሆነ ይረዱልኝ ዘንድ እለምናለሁ፤ የኮሚቴዎ ውሳኔ ከጸና ከማንም በላይ የምጠቀመው እኔ ነኝ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ፈተናው ላመስግንዎ።

እንደሚያውቁት ወይዘሮ ሎሚ፣ እኛ አደ ሎሚ የምንላቸው፣ የሕዝብ ቧንቧችን ጠባቂ ናቸው። አርጆ ተወልደው፣ ነቀምት ተድረው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ የቦኖውን ቁልፍ በአንገታቸው አንጠልጥለው ዐሥራ ሦስት ዓመት አገልግለዋል። ኮሚቴዎ «በቀበሌው ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እስከ መሠረተ ትምህርቱ ዙር ማብቂያ የማንበብና የመጻፍ ምስክር ወረቀት ካላመጣ ከሥራው ይነሣል» ብሎ በወሰነ ጊዜ፣ አደ ሎሚ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ደብተር ገዝተው ከጎረምሶች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፊደሉን በሁለት ወር ለዩት። የምሥራች የተባለችው አስተማሪያቸው እንደነገረችኝ፣ ማንበቡን አነበቡ፣ ሒሳቡንም ሠሩ።

እርስዎ ግን ፈተናው ቀለለብዎትና «ስለ ውኃ ጥቅም አንድ ሙሉ ገጽ ጻፉ» የሚል ጥያቄ በራስዎ አእምሮ ፈጥረው ጨመሩ። ሌሎቹ ተፈታኞች ገጹን ሞሉት። አንደኛው «ውኃ ለመጠጥ ይጠቅማል፣ ውኃ ለሰው ይጠቅማል፣ ውኃ ለላም ይጠቅማል» እያለ እስከ ጉንዳን ድረስ ወርዶ በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ። አደ ሎሚ የጻፉት ይህን ነበር፦

«የውኃ ጥቅም ሲጠፋ ይታወቃል።»

የምሥራች ራይት አደረገችበት። እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ «ጽሑፉ አልተጠናቀቀም» ብለው ሰረዙት፤ ከዚያም አደ ሎሚን አስጠርተው በደግነት ጠየቁ።

«እናቴ፣ ቀሪው የት አለ?»

«የምኑ ቀሪ?»

«የገጹ ቀሪ ነዋ።»

«ኦቦ፣ ሐሳቡ አልቋል። የተረፈው ወረቀቱ ነው፤ ለሌላ ሰው ስጡት» አሉ አደ ሎሚ።

ወደቁ። ወረቀት ቆጥቦ የወደቀ ተማሪ በአገራችን ታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርምና ለዚህ ክብር ስላበቋቸው ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2ኛ. ስለ በርሜሉ ክዳን።

ከፈተናው ቀደም ብሎ፣ ፊደል እንደ ለዩ፣ አደ ሎሚ በየቀኑ ለሁለት መቶ ሴቶች «ውኃ መጥቷል፣ ውኃ ሄዷል» እያሉ ሲጮኹ ድምፃቸው ከተዘጋ በኋላ፣ የበርሜል ክዳን ጥቁር ቀብተው በቦኖው አጥር ላይ ሰቀሉ። በጠመኔም ይጽፉበት ጀመር። መጀመሪያ የጻፉት «ቢሻን ህንጅሩ። ውኃ የለም። ሁለቱም ያው ነው» የሚል ነበር። በማግስቱ «ዛሬ እስከ አራት ሰዓት አለ» አሉ። አንድ ቀን «ተራ የዘለለ ሰው ስሙ ነገ ይጻፋል» ብለው ጻፉ፤ በነጋታው የማንም ስም አልተጻፈም፣ ሰልፉ ግን እንደ ክር ቀጥ ብሎ ዋለ። ሌላ ቀን ደግሞ «የጠፋ ባልዲ ተገኝቷል። ቀዳዳ ነው። ባለቤቱ ስለሚያውቀው አይመጣም» የሚል ወጣ። የበልግ ዝናብ በወረደ ጊዜ፣ ሁላችንም እየበሰበስን ባዶ ባልዲ ይዘን ስንጠብቅ፣ «ሰማዩ ይሰጣል። ቧንቧው ገና አልሰማም» አሉን።

ያን ጊዜ የሆነውን እርስዎም ከቢሮዎ መስኮት አይተውታል። በዚያው ዙር የተማሩት ሰዎች፣ ያነበቡት ነገር ልክ ከሆነ ራይት ማድረግ ስለለመዱ፣ ከክዳኑ ዳር የጠመኔ ራይታቸውን ማስቀመጥ ጀመሩ። አንዳንዱ ከሥር መልስ ይጽፋል። አንድ ባለሱቅ «ጨው ገብቷል» ብሎ ቢጨምር አደ ሎሚ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው «ይህ የውኃ ነው» አሉበት። ውኃ የማይቀዳ ሰው እንኳ ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባዶ እጁን እየመጣ ያነብ ነበር። «ምን ይላል?» እያሉ ሰው መጠየቅ ያሳፈራቸው ዐሥራ አራት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ አምስት ዙር ሙሉ ሲደበቁን የኖሩት፣ በገዛ እግራቸው መጥተው መሠረተ ትምህርት ተመዘገቡ። ኮሚቴዎ በቅስቀሳ፣ በከበሮና በጡሩንባ ያላገኛቸውን ሰዎች አንድ የበርሜል ክዳን ማምጣቱ ምን ያህል እንዳሳዘነዎ በፊትዎ አይቻለሁ፤ ከልብ አብሬዎ አዝናለሁ።

3ኛ. ስለ ንግግሩ ቀን።

ከፈተናው ሁለት ቀን በኋላ ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተው ቦኖውን ጎበኙ። እርስዎም በቦኖው ፊት ቆመው ስለ ውኃ ልማት ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተናገሩ። ንግግሩ ጥልቅ ነበር፤ ቧንቧው ግን ደርቆ ነበር። አደ ሎሚ እንደ ዘወትሩ ለተጠቃሚው የዕለቱን ሁኔታ ማሳወቅ ግዴታቸው ነውና ክዳኑ ላይ እንዲህ ሲሉ ጻፉ፦

«ዛሬ ንግግር አለ። ውኃ የለም።»

በዚህ ውስጥ ሐሰት ካለ እባክዎ ይጠቁሙኝ። ንግግር ነበር። ውኃ አልነበረም። እንግዶቹ አነበቡት፤ አንደኛው መሐረብ አውጥቶ አፉን ሸፈነ። ሰዉ ሲበተን ክዳኑ ላይ አርባ አንድ ራይት ተቆጠረ። እርስዎ ከሰዓት በኋላ የአብዮት ጥበቃውን ባቻን ልከው አደ ሎሚን በቀበሌው እስር ቤት፣ ክዳኑንም በማስረጃነት አስገቡ። ክሱ «ሕዝብን የሚያነሣሣ ጽሑፍ መጻፍ» ይል ነበር።

ጓድ ሆይ፣ እዚህ ላይ የማስተዋል ችሎታዬ ማነሱን ይቅር ይበሉልኝ። ማክሰኞ ዕለት መጻፍ አልቻሉም ተብለው የወደቁ ሴት፣ ሐሙስ ዕለት ጽፈዋል ተብለው ታሰሩ። በሁለት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ዕውቀት ያጎናጸፈ ትምህርት ቤት ካለ እኔም ልመዝገብ።

4ኛ. ስለ ምርመራው፣ በእኔም ስለ ደረሰው።

ክዳኑን ባቻ በትከሻው ተሸክሞ ሲያመጣ የግንቦት ዝናብ ወረደበት፤ ማስረጃውም ታጠበ። በሦስተኛው ቀን አምስት ሆናችሁ ስትሰየሙ ጥቁር ክዳን እንጂ ሌላ አልነበረም። ያን ጊዜ እርስዎ በታላቅ ብልኅነት ተከሳሿን ጠርተው «የጻፍሽውን እንደገና ጻፊው» ብለው ጠመኔ ሰጧቸው። አደ ሎሚም ጻፉ። አምስታችሁም አነበባችሁ። ከአባላቱ አንዱ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ ጮክ ብሎ አነበበው። ቃለ ጉባኤ ያዡም ገለበጠው። ከዚያ በኋላ «ተከሳሿ መጻፍ መቻሏ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም በጻፈችው ጥፋተኛ ናት» ተብሎ ዐሥራ ዘጠኝ ገጽ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ዐሥራ ዘጠኙንም አንብቤአለሁ። ምስክር ነበርኩና።

አዎን፣ እኔ ምስክር ነበርኩ። «የሙያው ባለቤት ነህና አጭር ጽሑፍ ጽሑፍ ይባላል ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ኮቴን ቆልፌ እንዲህ አልኩ፦ «ሰላምታ የሌለው፣ መግቢያ የሌለው፣ ከዚህ በታች ስሜ የተገለጸው የማይል ነገር ጽሑፍ አይባልም። ቢበዛ ጩኸት ነው።» እርስዎ አጨበጨቡልኝ። አደ ሎሚ ግን አዩኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማገዶ እርጥብ መሆኑን እንዳወቀ ሰው ነበር ያዩኝ።

ይህን ምስክርነቴን በዚህ ደብዳቤ ስቤአለሁ። ምክንያቱን ልንገርዎ።

የአደ ሎሚ አንድ ልጅ መርጋ ወደ ሰሜን ከዘመተ ሦስት ዓመቱ ነው። ለእርሱ ደብዳቤ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ዐሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ አንዱም ከአራት ገጽ አያንስም። «ውድና የተከበርክ ልጃችን ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ምድር አሸዋ፣ እንደ ሰማይ ከዋክብት የበዛ ሰላምታችን ባለህበት ይድረስህ» እያልኩ፣ ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራሁ፣ ከብቱንም ሳልረሳ። መልስ አልመጣም። አደ ሎሚ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት ይሄዳሉ፣ በየሳምንቱ ባዶ እጃቸውን በጃንጥላዬ ፊት ያልፋሉ፤ እኔም «መንገዱ ነው፣ ጊዜው ነው» እላለሁ። የማስበውን ግን አልናገርም ነበር።

ከእስር በወጡ ማግስት ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። እንዴት ፊታቸውን እንደማይ ጨንቆኝ ወረቀት አስተካክል ጀመር።

«አካም ጅርታ፣ ኦቦ ወልደሩፋኤል» ብለው ደኅንነቴን ጠየቁኝ ምንም እንዳልተፈጠረ፤ «ይህን አንብብልኝ። እኔ አንብቤዋለሁ። ልክ ማንበቤን ልወቅ ብዬ ነው።»

የመርጋ ደብዳቤ ነበር። ለካ ፊደል በለዩ በሁለተኛው ወር፣ ሳይነግሩኝ፣ በገዛ እጃቸው ጽፈውለት ኖሯል። በኦሮምኛ የጻፉት ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ነው፦ «ላሚቱ ወለደች። አንተስ?»

ልጁ የመለሰው፦ «እኔ ገና አልወለድኩም። ግን አለሁ። እማ፣ ይህ ያንቺ እጅ መሆኑን አወቅሁ። ከዚህ በፊት የሚመጡት ከመንግሥት መስለውኝ አንዱንም አልጨረስኩትም።»

ጮክ ብዬ ላነብላቸው ጀምሬ «ግን አለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን መለስኩላቸው። እርሳቸው ጨረሱት፤ በጣታቸው እየተከተሉ፣ አንድም ፊደል ሳይስቱ። ከዚያም ወረቀቱን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና፣ ቁልፉ በአንገታቸው እየተወዛወዘ ወደ ቦኖው ሄዱ። እኔ የዚያን ዕለት ሌላ ባለጉዳይ አልተቀበልኩም።

ዐሥራ አንድ ደብዳቤ፣ ጓድ። አርባ አራት ገጽ። አንዲት እናት ልጇ በሕይወት መኖሩን ሳታውቅ ሁለት ዓመት የኖረችው በእኔ ርዝመት ምክንያት ነው።

5ኛ. ስለ ይፋው ማስታወቂያ።

አደ ሎሚ በታሰሩባቸው ሦስት ቀናት ኮሚቴዎ ክፍተቱን ለመሙላት ያደረገው ጥረት ሳይመሰገን አይታለፍም። ክዳኑ በነበረበት ቦታ በታይፕ የተመታ አራት ገጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ርእሱ ብቻ ሦስት መስመር ነው። ሴቶቹ ውኃ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ተሰልፈው ማንበብ ጀመሩ። በሁለተኛው ገጽ ውኃው መጣ። በአራተኛው ገጽ ውኃው ሄደ። ቧንቧው ደጃፍ ላይ ቆመው ውኃ ያመለጣቸው ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሦስተኛው ቀን ሰልፉ ወደ ቢሮዎ ዞረ፤ ባልዲዎቹም ባዶ ስለነበሩ ድምፃቸው ከፍተኛ ነበር። አደ ሎሚም በዚያው ሰዓት ተፈቱ።

ከዚህ በኋላ ኮሚቴዎ ያሳለፈውን ውሳኔ ቃል በቃል እጠቅሳለሁ፤ ማንም የእኔ ፈጠራ ነው እንዳይል፦ «ወይዘሮ ሎሚ ጽሑፍ ያልሆኑ፣ ነገር ግን ሊነበቡ የሚችሉ አጫጭር ምልክቶችን በክዳኑ ላይ እንድታደርግ ተፈቅዷል። ምስክር ወረቀት ስለሌላት ግን በዙሩ ማብቂያ ቁልፉን ታስረክባለች።»

ሊነበብ የሚችል፣ ጽሑፍ ያልሆነ ነገር። ሃያ ስምንት ዓመት ስጽፍ ይህን ያህል የረቀቀ ዐረፍተ ነገር አልወጣልኝም። እጅ ነስቻለሁ።

ልመናዬ አጭር ነው፤ አጭር በመሆኑ ቅር አይበልዎ። ዙሩ ሊያበቃ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ለአደ ሎሚ ምስክር ወረቀታቸው ይሰጣቸው። መጻፍ አይችሉም ካላችሁ ያሰራችኋቸውን ሦስት ቀን መልሱላቸው። ጽፈዋል ካላችሁም ወረቀቱን ስጡ። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሦስተኛ መንገድ እስከ ዐሥራ ዘጠነኛው ገጽ ድረስ ፈልጌ አላገኘሁም።

እኔ በበኩሌ ለአውራጃው አስተዳደር የሰባት ገጽ ይግባኝ ላዘጋጅላቸው ጠይቄአቸው ነበር። «ይቅርብህ፣ ወገብህን ያምሃል» ብለው፣ ከጠረጴዛዬ ላይ ቁራጭ ወረቀት ወስደው፣ ቆመው ጻፉት፦ «ጽፌ ታሰርኩ። መጻፌ ይታወቅልኝ። ሎሚ።» ባለፈው ሰኞ ራሳቸው ወስደው ሰጥተዋል። ስሕተት ባገኝበት ብዬ ሦስት ጊዜ አየሁት። የሚጨመር አጣሁ፤ የሚቀነስም አጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር በሙያዬ አጋጥሞኝ አያውቅምና ከዚያ ወዲህ ብዕር ስይዝ እጄ ትንሽ ያመነታል።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ በእጅ ከመላኬ ጎን ለጎን አንዱን ግልባጭ በፍርድ ቤቱ በር በጃንጥላዬ ምሰሶ ላይ ለጥፌዋለሁ። ርዝመቱ በኮሚቴዎ መለኪያ ያለ ጥርጥር ጽሑፍ ስለሚያሰኘው፣ ሊያሳስሩኝ ቢያስቡ ሕጋዊ መሠረት እንዳያጡ በማሰብ ጭምር ነው።

ስብሰባዎ እንዲሰምር፣ ቃለ ጉባኤዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎም ከእርስዎ በፊት እንዳይደክም እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በአብዮታዊ ሰላምታ እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ በራሱ ላይ ምስክር የሆነው፣
ወልደሩፋኤል ተካ
ማመልከቻ ጸሐፊ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ፖስታ ውስጥ ላስገባ ስል የአውራጃው ተላላኪ በጠረጴዛዬ በኩል አለፈ፤ ለኮሚቴዎ የተጻፈ መልስ ይዞ ነበርና እንዳየው ፈቀደልኝ። በአደ ሎሚ ቁራጭ ወረቀት ራስጌ ላይ የአስተዳዳሪው እጅ «ይሰጣቸው» ይላል። ሌላ የለውም። ሰላምታ የለውም፣ መግቢያም የለውም፤ ቃሉን ቆጠርኩት፣ አንድ ነው። በኮሚቴዎ ውሳኔ መሠረት ጽሑፍ ስላልሆነ እንዲያነቡትም ሆነ እንዲፈጽሙት አይገደዱም። ማኅተሙ ግን ከቃሉ ይበልጣል።